«ባለ 375 ማግነም ትከሻዬን ጨረሰው፤ ምን ላድርግ?» ለኮምቦልቻው ወንድማችን የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጠያቂው ወጣት ፈቃድ ያለው አንድ የአደን አስጎብኚ ድርጅት ውስጥ በረዳትነት ሥራ ጀምሯል። ምድቡ ባሌ በኩል ነው። እንዲለማመድበት የተሰጠው ባለ 375 ማግነም የሚባል ከባድ የአደን ጠመንጃ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ከዚህ በፊት የተኮስኩት ክላሽ ብቻ ነው። ይሄኛው ሌላ ነገር ሆነብኝ። አምስት ጥይት ሳልጨርስ ትከሻዬ ጠቁሮ አበጠ። የመጀመሪያው ጥይት ጥሩ ቦታ ያርፋል። ከዚያ በኋላ ያሉት ወደ ታችና ወደ ግራ ይሄዱብኛል። አለቃዬ ‹ወንድ ሁን› ይለኛል። ክብደቴ 58 ኪሎ ነው። ችግሩ ቅጥነቴ ነው? አፈሙዙ ላይ የሚገጠመውን ምት መቀነሻ ላስገጥም? ወይስ ሥራውን ልተወው?»

አብሽር ወንድሜ። ሥራውን የሚያስተውህ ነገር አላየሁም። ቅጥነትህም ጥፋት የለበትም። የትከሻህ መጥቆር በሳምንት በሁለት ሳምንት ይለቅሃል። እኔን ያሳሰበኝ ጥይቶቹ ወደ ታችና ወደ ግራ መሄዳቸው ነው። ይሄ የሚነግረኝ ዓይንህና ጆሮህ ጠመንጃውን መፍራት እንደጀመሩ ነው። ትከሻ በራሱ ይድናል። ፍርሃት ግን ካልታከመ በየጥይቱ እየባሰ ይሄዳል። ስለዚህ መልሴ በአብዛኛው ስለ እሱ ነው።

መጀመሪያ ምን እንደያዝክ በቁጥር ልንገርህ። 375 ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ማግነም እ.ኤ.አ. በ1912 የወጣ የእንግሊዝ ጥይት ነው። የአፍሪካን ትልልቅ አውሬ ለማደን የታወቀ ነው። የተለመደው እርሳሱ 19 ግራም ተኩል ገደማ ይመዝናል፤ በሰከንድ ወደ 770 ሜትር ይበራል። የክላሽ እርሳስ 8 ግራም አካባቢ ነው፤ ፍጥነቱም 715 ሜትር ገደማ። ክላሽ ወደ ኋላ ሲመጣ ይዞት የሚመጣው ጉልበት ወደ 7 ጁል ነው። ያንተው፣ ክብደቱ 4 ኪሎ ገደማ ከሆነ፣ 50 ጁል አካባቢ ይደርሳል። ሰባት እጥፍ ማለት ነው። በመካከላቸው እነ 30-06 የሚባሉ የአደን ጥይቶች አሉ፤ ወደ 27 ጁል። ቀጥሎ 300 ዊንችስተር ማግነም፤ ወደ 35። አንተ እነዚህን ሁሉ ዘለህ ነው 375 ላይ ያረፍከው። ማንም ሰው እንዲህ ቢጀምር ይፈራል። አለቃህም በመጀመሪያው ቀን እንዲህ አልጀመረም።

አሁን ዋናው ጉዳይ ጋ እንምጣ። ባሩዱ ከተቀጣጠለ በኋላ እርሳሱ አፈሙዙን ለቆ እስኪወጣ የሚፈጀው ጊዜ ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ትንሽ ቢበልጥ ነው። በዚያች ቅጽበት ጠመንጃው ወደ ኋላ የሚመጣው 3 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሰውነትህ ለድምፅ ወይም ለምት መልስ ለመስጠት ደግሞ ከዚያ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጊዜ ይፈልጋል። ትከሻህ ምቱን በቅጡ ሳያውቀው እርሳሱ ሄዷል። ስለዚህ ጠመንጃውን ትከሻህ ላይ እስከያዝክ ድረስ፣ ጥይትህን የሚያስትህ ከምቱ በፊት የምታደርገው ነገር ነው።

ምን ታደርጋለህ? ምላጩ ሊለቅ ሲል ዓይንህ ይጨፈናል። ቀኝ ትከሻህ ምቱን ለመቋቋም ወደ ፊት ይገፋል። ግራ እጅህ አፈሙዙን ወደ ታች ይጫናል። ቀኝ ትከሻ ሰደፉን ወደ ፊት ሲገፋ አፈሙዙ ወደ ግራ ይዞራል። ታችና ግራ ያልከኝ እሱ ነው። የመጀመሪያው ጥይት ጥሩ ቦታ የሚያርፈውም ሰውነትህ ገና ስላልተቀጣ ነው።

ቃሌን ብቻ አትመን፤ ራስህን ፈትሽ። የምታምነው አንድ ሰውና የማይተኮስ የልምምድ ጥይት ያስፈልጉሃል። ጠመንጃውን እሱ ያጉርስልህ። አንዳንዴ እውነተኛውን፣ አንዳንዴ የልምምዱን። አንተ አታይም። ተቀብለህ ታነጣጥራለህ፣ ቀስ ብለህ ትስባለህ። የልምምዱ ጥይት ሲደርስህ «ቀጭ» ብሎ ዝም ይላል። ያኔ አፈሙዙን ተመልከት። ሰውነትህ ካልጠበቀው ንቅንቅ አይልም። ከጠበቀው ግን ምንም ሳይተኮስ አፈሙዙ ወደ መሬት ይደፋል፤ ትከሻህም ዘሎ ወደ ፊት ይመጣል። ተኩስ ሳስተምር ይህን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሰውየው ቀና ይልና አፈሙዙን ትክ ብሎ ያያል። ከዚያ በኋላ «ስኮፑ (የማነጣጠሪያው መነጽር) ነው የተዛባው» የሚል ክርክር አይኖርም።

ደስ የሚለው ነገር መመርመሪያውም መድኃኒቱም አንድ መሆኑ ነው። ከአምስት ጊዜ አራቱን የልምምዱን ጥይት አድርገው። ሰውነትህ «ምናልባት አይመታም» ማለት ሲጀምር መሸማቀቁን ይተዋል። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የጎረሰው እውነተኛ ጥይት ሆኖ ሳይተኮስ ቢቀር፣ መቀርቀሪያውን ወዲያው እንዳትከፍት። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳዞርክ 30 ሰከንድ ያህል ጠብቅ። ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። የትኛው እንደገባ የሚያውቀው ያጎረሰልህ ሰው ስለሆነ እሱ ይንገርህ።

ስለ ድምፅ ደግሞ። ብዙ ሰው ምቱን የፈራ ይመስለዋል፤ ግማሹ ፍርሃት ግን ከጆሮ ነው የሚመጣው። የእንዲህ ዓይነት ጠመንጃ ድምፅ ተኳሹ ጆሮ ላይ 160 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል። 140 ካለፈ አንድ ተኩስ ብቻውን ጆሮን ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ ልምምድ ላይ ሁለት መከላከያ አድርግ፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ስፖንጅ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ጆሮን የሚሸፍነውን። ይህን ብቻ አስተካክለው ጥይታቸው ተሰብስቦ ያየኋቸው አሉ።

እኛ አካባቢ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ምን እንዳሳለፉ አንተም ታውቃለህ። የዚያን ጊዜ የከባድ መሣሪያ ድምፅ የሰማ ሰው ዛሬ ተኩስ ሲሰማ ልቡ ቢደነግጥ አይገርምም። አንተም ከነዚያ አንዱ ከሆንክ ለራስህ ጊዜ ስጠው፤ አትፈርበት። «ወንድ ሁን» ለዚህ መልስ አይሆንም። በዚሁ ምክንያት፣ ልምምድህን ከተፈቀደ የተኩስ ቦታ ውጭ እንዳታደርግ። ከጦሳ ጀርባም ይሁን ቦርከና ዳር፣ «ሰው የለም» ብለህ አትተኩስ። ሰው አለ። የሚደነግጥ ሕፃንም አለ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ደግሞ ጠመንጃ ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነው። የድርጅቱን ጠመንጃ ቤትህ ይዘህ እንዳትሄድ። ባዶውን መለማመድ ብትፈልግ እንኳ እዚያው እነሱ ጋ ተለማመድ።

ቀጥሎ ጠመንጃውና ገላህ መስማማታቸውን እንይ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቸል ይላል። የፋብሪካ ጠመንጃ ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ብዙውን ጊዜ 34 ወይም 35 ሴንቲሜትር ነው። ለረጅም ሰው ልክ ነው። ላንተ ከረዘመ ሰደፉ ከትከሻህ ጉድጓድ ወጥቶ ክንድህ ላይ ያርፋል። የክንድ ጡንቻህ ላይ ነው የጠቆረው? እንደዚያ ከሆነ ጠመንጃው ረዝሞብሃል። ቦታው ከማጥንትህ (ከአንገትህ ሥር ካለው አግዳሚ አጥንት) በታች፣ ደረትህና ትከሻህ የሚገናኙበት ለስላሳው ጉድጓድ ነው። ክንድህን ቀና ስታደርግ በጣትህ ታገኘዋለህ። አጥንቱ ላይ እንዳይሆን። ሌላው መለኪያ አፍንጫህ ነው። ጉንጭህን ሰደፉ ላይ ስታሳርፍ በአፍንጫህና በቀኝ አውራ ጣትህ መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይኑር። ከዚያ ካነሰ አውራ ጣትህ አፍንጫህን ይመታዋል።

የምትለብሰውንም አትርሳ። ኮምቦልቻ በሸሚዝ የለካኸው ሰደፍ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥተህ ደሴ ስትደርስ በጃኬት ይረዝምብሃል። የምትሠራበት ባሌ፣ የደጋ አጋዘን የሚታደንበት አገር፣ ደግሞ ከደሴም ከፍ ይላል፤ ከ3000 ሜትር በላይ ነው ብዙው። እዚያ ሹራብና ካፖርት ደርበህ ነው የምትተኩሰው። ስለዚህ ስትለካም ስትለማመድም እዚያ የምትለብሰውን ልበስ።

የሰደፉ ጫፍ ላይ ያለውን ጎማ በአውራ ጣትህ ተጫነው። ካረጀ ይደርቃል፤ እንደ ድሮው አይሰጥም። አዲስ ጎማ ማስገጠም ጥሩ ነው። አባቶቻችን ምንሽር ሲተኩሱ ትከሻቸው ላይ የሚያርፈው ብረት ነበር፤ ያንተ ጎማ ስላለው እድለኛ ነህ። ለጊዜው ግን ደሴ ያለ ጥሩ ጫማ ሰፊ በቆዳ የተለበጠ ወፍራም ጎማ፣ እንደ ከረጢት ሰደፉ ላይ የሚጠልቅ አድርጎ ይሰፋልሃል። ርዝመት እንደሚጨምር ብቻ አስብ።

ክብደትም ይረዳል። ጉልበቱ ከጠመንጃው ክብደት ጋር በተቃራኒ ነው የሚሄደው። 4 ኪሎ ላይ 50 ጁል የሆነው 4 ኪሎ ተኩል ላይ ወደ 45 ይወርዳል። ሰደፉ ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ ባለሙያ እርሳስ ሊጨምርበት ይችላል። ተሸክመህ ተራራ የምትወጣው ግን አንተ ነህ። ለረዳት ሠራተኛ ብዙም አልመክረውም።

አያያዝ ላይ ትንሽ ልቆይ። ምቱን የፈራ ሰው ጠመንጃውን ከትከሻው ራቅ ያደርገዋል። ከዚህ የባሰ ነገር የለም። ተጠግቶ የቆመ ሰው ቢገፋህ ትነቃነቃለህ፤ ሮጦ መጥቶ ቢገጭህ ግን ያምሃል። ክፍተት ከተውክለት ጠመንጃው በሰከንድ ወደ 5 ሜትር ፍጥነት ይዞ ነው የሚደርስብህ። ሰደፉን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብተህ በሁለት እጅህ ወደ ራስህ ሳበው። የቀኝ እጅህ ሦስት ጣቶች አጥብቀው ይያዙ፤ አመልካች ጣትህ ብቻ ነፃ ይሁን። ግራ እጅህም እንጨቱን ጨብጦ ወደ ኋላ ይሳብ። በቀላል ጠመንጃ እንጨቱ መዳፍ ላይ ቢያርፍ ብቻ ይበቃል። በማግነም አይበቃም፤ ከእጅ ወጥቶ ይዘላል። ጉንጭህንም ጠበቅ አድርገህ አሳርፍ። ላላ ካደረግኸው ሰደፉ ተነስቶ የጉንጭህን አጥንት ይመታል።

የማንገቻው ቀለበት የት እንደተሰካም አየው። ፊት ለፊት እንጨቱ ላይ ከሆነ፣ ጠመንጃው ሲመጣ ግራ እጅህን ይቀደዋል። ለከባድ ጥይት በደንብ የተሠሩ ጠመንጃዎች ቀለበቱን ከእጅ ፊት፣ በርሜሉ ላይ የሚያስሩት ለዚህ ነው። ያንተ እንጨቱ ላይ ከሆነ እጅህን ወደ ኋላ ሰብሰብ አድርግ። የምላጭ መከለያው የመሃል ጣትህን የሚመታህ ከሆነም፣ ጣትህን ከመከለያው ዝቅ አድርገህ ያዝ።

አቋምህ ግራ እግር ወደ ፊት፣ ጉልበት ላላ፣ ክብደትህ ወደ ፊት ዘንበል ይበል። ወደ ኋላ ተለጥጦ የቆመ ሰው ሚዛኑን ያጣል። ከዚያ ሲተኮስ አብረኸው ሂድ። ትከሻህ ወደ ኋላ ይሂድ፣ ወገብህም ይታጠፍ። እዚህ ላይ ቅጥነትህ ይጠቅምሃል። እንደ ግንብ የቆመ ከባድ ሰው ምቱን በአጭር ጊዜ ስለሚቀበለው ይበልጥ ያመዋል። ያንተ ሰውነት ይሰጣል፤ ምቱም ረዘም ባለ ጊዜ ይከፋፈላል። ለዚሁም ጀርባህን ለዛፍ ወይም ለግንብ ሰጥተህ በጭራሽ አትተኩስ። የሚሄድበት ካጣ ሁሉንም የሚጠጣው አጥንትህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ጥርጣሬ አለኝ። ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብለህ ነው የተኮስከው፣ አይደል? ወይስ በደረትህ ተኝተህ? ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚለማመደው። ሁለቱም ለማግነም መጥፎ ናቸው። ተኝተህ ስትተኩስ ሰውነትህ ከኋላው መሬት እንጂ መሄጃ የለውም፤ ሰደፉም ማጥንት ላይ ይወጣል። ቆመህ ባለ ሦስት እግር መደገፊያ ዱላ ላይ ተኩስ። አደኑም ላይ ብዙውን ጊዜ የምትተኩሰው እንደዚያው ነው። ስኮፑን ለማስተካከል የግድ ጠረጴዛ ካስፈለገህ፣ የአሸዋ ከረጢቱን ከፍ አድርገህ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ። በሰደፉና በትከሻህ መካከልም ሁለተኛ አነስ ያለ ከረጢት አድርግ። ጠመንጃው እንዳይነቃነቅ ከባድ ነገር ላይ ማሰር ግን ይቅርብህ። ሰደፉን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ስኮፕ ካነሳን፦ ዓይንህና መነጽሩ መካከል ቢያንስ 9 ሴንቲሜትር ይኑር፤ 10 ቢሆን ይሻላል። ያነሰ ከሆነ መነጽሩ መጥቶ ቅንድብህ ላይ ግማሽ ጨረቃ ይስልብሃል። ሐኪም በመርፌ የሚሰፋው ቁስል ነው። አደጋው የሚብሰው ሽቅብ ስትተኩስ ነው፤ ያኔ ጭንቅላትህ ወደ መነጽሩ ይጠጋል። የምትሠራበት አገር ደግሞ ዳገት ነው። ካፖርትህን ልበስና ዓይንህን ጨፍነህ ባዶውን ጠመንጃ ትከሻህ ላይ አድርግ። ከዚያ ዓይንህን ግለጥ። ሙሉው ክብ ጥርት ብሎ ካልታየህ፣ ጭንቅላትህን ሳታንቀሳቅስ ስኮፑ ይስተካከል። ይህንኑ ሽቅብ አነጣጥረህ ድገመው።

አፈሙዝ ላይ ስለሚገጠመው ጠይቀሃል። ይሠራል። ጋዙን ወደ ጎን ስለሚያወጣው ምቱን ከሲሶ እስከ ግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ግን ድምፁ ወደ ኋላና ወደ ጎን ይዞራል። አንተ ረዳት ነህ። አጠገብህ እንግዳው አለ፣ መንገድ መሪው አለ፣ የዱር እንስሳት ጠባቂው ስካውት አለ። እነሱ ደግሞ ጆሯቸውን አይሸፍኑም፤ የአውሬውን ኮቴ ማዳመጥ አለባቸውና። ለአንተ ትከሻ ሲባል የሰው ጆሮ መጎዳት የለበትም። እኔ አልገጥመውም።

እንግዲህ እንዴት ትቀጥል? ትከሻህ ሕመሙ እስኪለቀው 375ቱን አስቀምጠው። በዚህ ጊዜ ባዶ ጠመንጃ በልምምድ ጥይት መሳብ ትችላለህ። ከዚያ ባለ 22 ካሊበር ፈልግ። አይራገጥም፣ ድምፁም ትንሽ ነው። ምላጩ መቼ እንደሚለቅ ሳታውቀው፣ ዓይንህ ተከፍቶ መተኮስን የምትማረው በእሱ ነው። እርሳሱ ወረቀቱን ሲበሳ በመነጽሩ ለማየት ሞክር። ቀጥሎ 30-06። ጥይቶችህ ከተሰበሰቡና አፈሙዙ ካልተደፋ ወደ 375 ተመለስ። ያኔም በአንድ ቀን ከአምስት በላይ አትተኩስ፤ በየመካከሉ አረፍ በል። የመጨረሻዎቹን ጥይቶች ሁልጊዜ በ22ቱ ጨርስ። ቤትህ ስትገባ ሰውነትህ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነው። ሠላሳ ጥይት በአንድ ከሰዓት የሚያስተኩሱ አሉ፤ ፍርሃት የሚያስተምሩ እነሱ ናቸው።

ለአለቃህም አንድ ነገር በትህትና አንሳለት። የሚታደነው ደጋ አጋዘን ብቻ ከሆነ 30-06 በጥሩ እርሳስ በቂ ነው። ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ሊደርስ ይችላል፤ ቢሆንም ትክክለኛው ቦታ ላይ ያረፈ 30-06 ያስቀረዋል። 375 አለቦታው ካረፈ ግን ያ ብርቅ እንስሳ ቆስሎ ጥድ ውስጥ ይገባል። ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለ እንስሳ ነው። ለጎሽ መጠባበቂያ ከተባለ ግን 375ቱ ተገቢ ነው፤ መልመድህም ግዴታ ነው።

ትከሻህን በሚመለከት፣ መጥቆሩና ማበጡ ብቻ ከሆነ የመጀመሪያውን ቀን ቀዝቃዛ ነገር አድርግበትና አሳርፈው። እጅህ ከደነዘዘ፣ ጣቶችህን ከወረረህ፣ ክንድህ ከደከመ ወይም ማጥንትህን ስትነካው አጥንቱ ራሱ ካመመህ ግን ሐኪም ይይህ፤ ራጅ ሊያስፈልግ ይችላል። ከተኩስ በኋላ ዓይንህ ላይ ብልጭታ ወይም የሚንሳፈፍ ጥቁር ነጠብጣብ ካየህ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ጋ ሂድ።

ሦስት ነገር ለክተህ ጻፍልኝ። ከምላጩ እስከ ሰደፉ ጫፍ ስንት ሴንቲሜትር ነው? ጠመንጃው ከነስኮፑ ስንት ኪሎ ይመዝናል? የጠቆረውስ ጉድጓዱ ላይ ነው ወይስ ክንድህ ላይ? እነዚህን ካገኘሁ ሰደፉ ይቆረጥ ወይስ ጎማው ይቀየር የሚለውን እነግርሃለሁ። እስከዚያ በ375ቱ አትተኩስ።